ይርጋጨፌ በትንሹ ሲጻፍ ለምን ይደፈናል? አማርኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ስለማስቀመጥ

ቡናማ_ቀለም

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ የምሠራ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ፣ አራት ዓመት ሆኖኛል። አሁን ቡና ቆልቶ ለሚሸጥ አንድ ድርጅት የከረጢት ሌብል እየሠራሁ ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው እኩል ጎልተው እንዲታዩ ይፈለጋል። ደንበኞቼ በዚህ ነገር ቆራጥ ናቸው። እኔም ደስ ብሎኛል፤ እስከዛሬ በሠራኋቸው አብዛኞቹ ሥራዎች አማርኛው ትርፍ ቦታ ከተገኘ ብቻ የሚገባ ነገር ነበር።

ችግሬ ይሄ ነው። ናሙናውን ቡናማ ወረቀት ላይ አሳትሜ ሳየው ልቤ ስብር አለ። እንግሊዝኛው ጥርት ብሎ ቁጭ ብሏል። አማርኛው ግን ተጨማድዷል። "ይርጋጨፌ" የሚለውን ጠጋ ብዬ ሳየው የጨ እግሮች ላይ ያሉት ትንንሽ ቀለበቶች ተደፍነው ጥቁር ነጥብ ሆነዋል። የፌ ቀለበትም እንደዚያው። ከጀርባ በኩል በትንሹ የተጻፈው "የታጠበ ቡና" የሚለው ደግሞ ቡና ይሁን ቢና አይለይም። እናቴ መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አድርጋ "ምን ይላል ይሄ?" አለችኝ።

የተጠቀምኩት ኒያላ የሚባለውን ፎንት ነው። ፎቶሾፕ ላይ ቦልድ አደረግኩት። የቡናውን ታሪክ የሚናገረው አንቀጽ በእንግሊዝኛ ኢታሊክ ስለሆነ አማርኛውንም አጋደልኩት። ነጥቡም (የፊደሉ መጠን) ውፍረቱም ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ነው። ታዲያ ለምን ሁለቱ አይገጥሙም? ሁለት ጽሕፈት አንድ ገጽ ላይ የምታስቀምጡ ሰዎች፣ እንዴት ነው የምታደርጉት? እንደው ከልባችሁ ንገሩኝ።


ፊደል_ቀራጭ

እህቴ፣ ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ አይደለም። ኒያላ ቦልድ የለውም! አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ቦልድ ስትጫኚ ፕሮግራሙ እውነተኛ ቦልድ ሲያጣ የፊደሉን ዙሪያ በራሱ ያወፍረዋል፣ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል። የተደፈኑት ቀለበቶች የመጡት ከዚያ ነው። ቡናማ ወረቀት ደግሞ ቀለም ይጠጣል፣ መስመሩም ትንሽ ይሰፋል። ሁለቱ ሲደመሩ ጨ አለቀለት።

ሌላም ነገር አለ። የእኛ ፊደል ሁለት ውፍረት ነው ያለው። ቁመቱ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን። መ ላይ፣ ሠ ላይ፣ ጠ ላይ እይው። ፊደሉ የሚተነፍሰው በዚያ ልዩነት ነው። የውሸት ቦልድ ቀጭኑንም ወፍራሙንም በአንድ ልክ ሲያወፍር ልዩነቱ ይጠፋና ፊደሉ ጭቃ ይሆናል። በላቲን ይሄ ጉዳት ብዙም አይታይም፣ ሆዳቸው ሰፊ ነው። እኛ ጋ ግን ትርጉም ያለው ትንሿ ምልክት ላይ ነው። ቡን ከቢ የሚለየው ምልክቷ እግሩ መሃል ላይ መሆኗና እግሩ ሥር መሆኗ ብቻ ነው። ካዕብና ሣልስ ተቀላቀሉ ማለት ቃሉ ተለወጠ ማለት ነው።

ኒያላን ለማጣጣል አይደለም። ጆን ሃድሰን የሠራው፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ፣ ለረጅም ንባብ የሚሆን ለስላሳ ፎንት ነው። ለመጽሐፍ ውስጥ ገጽ ዛሬም እወደዋለሁ። ለሌብል አርእስት ግን አልተሠራም።

ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ሞክሪ። በጣም ከቀጭኑ (ቲን) እስከ በጣም ወፍራሙ (ብላክ) ዘጠኝ ውፍረት አለው፣ ጠበብ ያለም ቅርጽ አለው፣ ውፍረቶቹም ታስቦባቸው የተሠሩ ናቸው እንጂ በውሸት የተወፈሩ አይደሉም። ቦልዱን አጉልተሽ ብታይው የጨ ቀለበት ውስጥ ብርሃን እንዲቀር ተደርጓል። ፈቃዱ ነጻ ነው፣ ለንግድ ሥራ ብትጠቀሚበት የሚጠይቅሽ የለም። ስሙ ራሱ ደስ ይለኛል። ፎንት ሲጠፋ ስክሪን ላይ የሚወጡትን ባዶ ሳጥኖች ፈረንጆች ቶፉ ይሏቸዋል፣ ጎግልም "ከእንግዲህ ቶፉ የለም" በሚል ሐሳብ ነው ኖቶ ያለው። እኛ እነዚያን ሳጥኖች ስንት ዓመት አይተናል!

መጠኑን በተመለከተ፦ 12 ነጥብ አማርኛና 12 ነጥብ እንግሊዝኛ እኩል ናቸው የሚለውን እርሺው። ነጥብ የሚለካው ፊደሉ የተቀመጠበትን ሳጥን እንጂ ፊደሉን አይደለም። የእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ዝቅ ብለው ይሄዱና አንዳንዶቹ ብቻ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይወጣሉ። የእኛ ደግሞ አብዛኞቹ ሙሉ ቁመታቸውን ይዘው ነው የሚቆሙት፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ነገር የለንም። እኔ የማደርገው የአማርኛውን ቁመት በእንግሊዝኛው ትንሽ ፊደልና ትልቅ ፊደል መካከል ማሳረፍ ነው። ቁጥር አልሰጥሽም፣ ከፎንት ፎንት ይለያያል። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አድርጊና ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እያየሽ አስተካክዪ፤ ሁለቱ ጽሑፎች የሚሰጡት ግራጫ እኩል ሲሆን ያኔ ገጠመ።

የመስመር ርቀቱንም ጨምሪ። ፕሮግራሙ በራሱ የሚሰጠው የተሰላው ለላቲን ነው። የእኛ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሞላ ስለሆነ አየር ይፈልጋል።


የእርሳስ_ዘመን

ልጆቼ፣ እኔ ማተሚያ ቤት የገባሁት ፊደል በእጅ በሚለቀምበት ዘመን ነው። የእርሳስ ፊደል። ከፊቴ ያለው መደርደሪያ ከሁለት መቶ በላይ ጉድጓድ ነበረው። የእንግሊዝኛው ለቃሚ ጓደኛዬ አንድ ቦታ ቆሞ ይሠራል፣ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ወዲህና ወዲያ ነበርኩ። ፊደሎቹን የማውቃቸው በዓይኔ አይደለም፣ በጣቴ ነው። ለዚህ ነው ይሄ ነገር የሚያንገበግበኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊደላችን መሣሪያው እየጠበበው ብዙ ጊዜ ተጎድቷል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ ያን ሁሉ ፊደል አርባ ምናምን ቁልፍ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ዋናው ፊደል ለብቻ፣ ምልክቱ ለብቻ ይመታ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው፣ ቢሮ ሁሉ የሠራበት ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን በመኪና የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ካላችሁ አውጥታችሁ እዩት። ምልክቱ ከፊደሉ እግር ራቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። አንድ ትውልድ ፊደል ማለት ያ ነው ብሎ አደገ።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም የየራሱን አመጣ። በአንዱ ፕሮግራም የጻፍከውን ሌላው ጋ ስትከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝርግፍ ይልብሃል። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት ቁጥር እንዲያውቁ የሚያደርገው ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ካስገባ በኋላ እንኳ ደንበኛ በድሮው ፎንት የተጻፈ ፋይል ይዞ ሲመጣ እንደ አዲስ መልቀም ነበረብን። ዛሬም ይመጣል። ልጄ፣ ደንበኞችሽ ጽሑፉን በምን እንደሰጡሽ ጠይቂ። በድሮው ከሆነ በዩኒኮድ ካልተጻፈ አትቀበዪ። ነገ ድረ ገጽ ላይ ላድርገው ቢሉ ፈልገው አያገኙትም።

ደግሞ አደራሽን ነጥቡን። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ የእንግሊዝኛ ኮሎን በመምታት የሚጽፍ ሰው ሳይ እበሳጫለሁ። ። የራሱ ቦታ አለው፣ አራቱ ነጥቦች በልክ ተራርቀው የተሳሉ ናቸው። ኮሎን ሁለት ጊዜ ስትመቺ ክፍተቱ ይሰፋና መስመር መጨረሻ ላይ ሁለቱ ተለያይተው አንዱ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። አይቼዋለሁ፣ በትልቅ ባነር ላይ፣ አደባባይ ላይ ተሰቅሎ።


ቡናማ_ቀለም

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፉን አሁን አየሁት፣ እውነትም ሁሉም ቦታ ኮሎን ኮሎን ነው። ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር።

ፊደል ቀራጭ፣ የውሸት ቦልዱን ነገር ስታስረዳኝ ገባኝ። ኖቶን አወረድኩት። ይርጋጨፌን በቦልድ ጻፍኩት፣ ጨ ተከፈተ! ግን የማጋደሉን ነገር አልመለስክልኝም። ኢታሊክ ከሌለን በምንድን ነው አንድን ቃል ለየት የምናደርገው?


ከብራና_ቤት

ይህን ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ይፈቀድልኝ። የቁም ጽሕፈት ተምሬያለሁ፣ ብራና ላይ ጽፌያለሁ፣ አሁን ኑሮዬ በኮምፒውተር ነው።

ማጋደል ከእኛ እጅ አልወጣም። ኢታሊክ እኮ ለላቲን ታሪክ አለው፣ ጣሊያኖች በፍጥነት ሲጽፉ ከነበረው ከእጃቸው የመጣ ነው። ቅርጹ ራሱ ይለወጣል እንጂ ቀጥ ያለውን ገፍቶ ማዘንበል ብቻ አይደለም። የእኛን ሲያጋድሉት ግን የሚሆነው ገፍቶ መጣል ነው። ቁም ጽሕፈት የተባለው እኮ ስለሚቆም ነው። የመቃ ብዕሩ አፉ ተቆርጦ፣ ቁመቱን ስትስብ ሙሉ ቀለም ይለቃል፣ አግድሙን ስትስብ ይቀጥናል። ወፍራምና ቀጭኑ የመጣው ከዚያ ነው። ፊደሉን ስታጋድዪው ብዕሩ ሊጽፈው የማይችለውን ቅርጽ እየሠራሽ ነው፣ ዓይን ምክንያቱን ባያውቅም ይጎረብጠዋል።

ታዲያ አባቶች አንድን ቃል ለይተው ሲያሳዩ ምን አደረጉ? ቀለም ለወጡ። የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፍ መጀመሪያ፣ በቀይ ነው። ጥቁር ገጽ ላይ ያቺ ቀይ መስመር ከሩቅ ትጠራሻለች። ሌላው መጠን ነው። ሌላው ሐረግ ነው፣ የምዕራፍ ራስ ላይ የሚሳለው ጥልፍልፍ፣ "እዚህ አዲስ ነገር ይጀምራል" የሚል። ሌላው ነጥብ ነው። ሰባት ነጥቡ ፨ እያለ ለአንቀጽ መለያ ኮከብና ቀስት የሚያስቀምጡ አሉ፤ ይገርመኛል።

ለሌብልሽ፦ የቡናውን ታሪክ የሚናገረውን አንቀጽ ቀጥ አድርጊው፣ ውፍረቱን አሳንሺው፣ የገበሬዎቹን መንደር ስም ብቻ በቀይ ጻፊው። እንግሊዝኛው በኢታሊክ ይሂድ፣ ያ የእሱ መንገድ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር እንዲያደርጉ አታስገድጃቸው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁና ላብቃ። መጀመሪያ በግዕዝ የታተመው መጽሐፍ ዳዊት ነው፣ ሮም፣ በ1513። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን ነው። ሮም ውስጥ የእኛን ተሳላሚዎች ሲያዜሙ ሰምቶ ልቡ ተነካ፣ ቋንቋውን ከእነሱ ተማረ፣ ፊደሉን በብረት አስቀረጸ። ቋንቋውን ከለዳውኛ ነው ብሎ ነበር የሚጠራው፤ ስሙን ቢስትም ፊደሉን ግን ከእጅ ጽሑፍ ነው የቀዳው። ከዚያ በ1548 አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ናቸው። ከዛሬ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የእኛ ሰው ማተሚያ ላይ ቆሞ የራሱን ፊደል ያርም ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬ ፎንት የሚሠሩ ልጆች ከባዶ አልተነሡም እላለሁ።


ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔ በከፊል አልስማማም፣ በአክብሮት ነው።

ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ የሬስቶራንትና የሱቅ ታፔላ እሠራለሁ። የእኛ ሰዎች ሱቅ ስትገቡ በመስኮቱ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ አብረው ናቸው። ልጆቻችን ፊደሉን የሚያዩት እዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ቅዳሜ ሀሁ ይማራሉ፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ሆነው ታፔላ ያነባሉ። ለእነሱ ፊደሉ በአንድ ዓይነት እጅ ብቻ የሚጻፍ የተቀደሰ ነገር ከሆነ ይርቃቸዋል። ተጫዋች ፊደል፣ ዝርግ ፊደል፣ ክብ ፊደል ማየት አለባቸው።

አንድ ምሳሌ። ሁላችንም የምናውቀው የኮካ ኮላ ጠርሙስ። የእንግሊዝኛውን ፍራንክ ሮቢንሰን በ1886 አካባቢ የጻፈው በዘመኑ የቢሮ የእጅ ጽሕፈት ነው፣ ጠመዝማዛ፣ ወደ ቀኝ የሚጋደል። አንድ ሰው ተቀምጦ ያንን ሪባን የመሰለ መስመር በአማርኛ ወደተጻፈው "ኮካ ኮላ" አመጣው። መቃ ብዕር ያንን አይጽፍም። ግን ልጅ ሆኜ ሱቅ ተልኬ ጠርሙሱን ሳይ "ይሄ አማርኛ ነው ወይስ እንግሊዝኛ?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አንብቤዋለሁ። ኮ ኮ ናት፣ ላ ላ ናት። የሠራው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እጁ ይባረክ። የትኛው መስመር ጌጥ እንደሆነና የትኛው ፊደሉን ፊደል እንደሚያደርገው ለይቶ ያወቀ ሰው ነው።

ሥዕሉን እንይ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ እዚህ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። እድሜውን ሙሉ የሣለው ፊደልን ነው። ይዘረጋዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ይገለብጠዋል፣ የማይነበብ እስኪሆን ድረስ ያስጨፍረዋል። ሸራው ፊት ስቆም ቃል አላነብም፣ ግን የእኛ መሆኑን ከአዳራሹ ማዶ አውቀዋለሁ። በዚያው ሃዋርድ ያስተማረው እስክንድር ቦጎሲያንም ከክታብና ከብራና ጥቅል ተነሥቶ ነው ዘመናዊ ሥራ የሠራው። ከብራናው ጋር የቀረቡት ሰዎች ናቸው ከብራናው የራቁት።

ስለዚህ ቡናማ ቀለም፣ አርእስቱን በራስሽ እጅ ለመጻፍ አስበሻል? ይርጋጨፌ ስድስት ፊደል ሳይሆን አምስት ፊደል ነው፣ አምስት ፊደል መሳል አይከብድም። ለትንሹ ጽሑፍ ፎንት፣ ለአርእስቱ እጅሽ።


ፊደል_ቀራጭ

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ የምለው ለማስታረቅ አይደለም። እየተነጋገራችሁ ያላችሁት ስለ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ታፔላና ሎጎ ሦስት አራት ፊደል ነው፣ አንዴ ታይቶ ይታወቃል። የሚነበብ አንቀጽ ግን ሌላ ነው። እዚያ ዓይን መስመሩን ይዞ መሄድ አለበት፣ አንድ ፊደል ራሱን ካሳየ ንባቡ ይሰናከላል።

እኔን የሚያሳስበኝ መካከል ላይ ያለው ነው። የላቲን ፎንት ይወሰዳል፣ ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ አማርኛ ይሠራበታል። የእንግሊዝኛው ኦ ዐ ይሆናል፣ ዩ ተገልብጦ በ ይሆናል። ስትጠጋ ንጹሕ ይመስላል። አንቀጽ ስትጽፍበት ግን ሁሉም ፊደል አንድ ስፋት ይሆንና የእኛ ጽሕፈት ምት ይጠፋል። መ ሰፊ ናት፣ ር ጠባብ ናት፣ ያ ስፋትና ጥበት ነው ቃሉን በቅርጹ እንድናውቀው የሚያደርገን።

ይሄ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የቤንጋሊን፣ የሕንዱን ጽሕፈት፣ ነገር ስማር ዓይኔ ተከፈተ። የብረት ማተሚያው ቦታ ስለሌለው የተጣመሩ ፊደሎቻቸው እየተሰበሩ ነበር የሚታተሙት፣ ጋሼ ስለ አያና ብሩ መኪና የነገሩን ዓይነት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፊዮና ሮስና ቲም ሆሎዌይ ሊኖታይፕ በሚባለው የማተሚያ መሣሪያና የፊደል ኩባንያ ውስጥ ሆነው ለካልካታው ጋዜጣ ለአናንዳባዛር ፓትሪካ አዲስ ፊደል ሲሠሩ፣ አዲሱ መሣሪያ ያ ጥበት ስላልነበረበት፣ ወደ እጅ ጽሑፉና ወደ ድሮዎቹ ጥሩ ኅትመቶች ተመለሱ። ማሽኑ ያጎደለውን ከባህሉ አልቆጠሩትም። ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል፦ ከለመድነው ቅርጽ ውስጥ የቱ የእኛ እንደሆነና የቱ የማሽኑ ጠባሳ እንደሆነ መለየት።

ዛሬ ይህን አስበው የሚሠሩ አሉ። ከፋ የሚባለው፣ ማክ ላይ የሚገኘው ፎንት፣ ጄረሚ ኦርኑስ የሠራው ነው፤ ዘመናዊ ሆኖም የብዕሩን ጠባይ አልጣለም። አቢሲኒካ ከብራናው እጅ በቀጥታ የመጣ ነው፣ ለመዝሙርና ለቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ እሱን ነው የምመክረው፣ አንድ ውፍረት ብቻ ስላለው ግን ቦልድ እንዳትጫኑበት። ማርክ ጃምራና ኒል ፓቴል የሠሩት ኪጌሊያ ደግሞ የእኛን ፊደል ከሌሎች የአፍሪካ ጽሕፈቶች፣ ከአድላም፣ ከንኮ፣ ከቫይ፣ ከቲፊናግ ጋር አንድ ቤተሰብ ያደርጋል። አድላምን የጊኒ ሁለት ወንድማማቾች፣ ኢብራሂማና አብዱላይ ባሪ፣ በ1989 ልጆች ሆነው ነው ለፉላኒ ቋንቋቸው የፈጠሩት። እነዚህን ጽሕፈቶች አንድ ገጽ ላይ ሳያቸው ደስ የሚለኝ አለመመሳሰላቸው ነው። ክብደታቸው እኩል ነው፣ ቁመታቸው ይግባባል፣ ግን እያንዳንዱ በራሱ እግር ይሄዳል።

ለሌብሉ የተረፈ አንድ ምክር አለኝ። አርእስቱ ላይ እንግሊዝኛውን በሙሉ በትልቅ ፊደል ጻፊው። የእኛም ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ሁለቱ ወዲያው ይግባባሉ፣ አንድ ቁመት ላይ ይቆማሉ። ታሪኩ ላይ ወደ ትንሽ ፊደል ተመለሺ።

ስለ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠም አስቢ። ሰ ላይ፣ ተ ላይ፣ ነ ላይ፣ ዘ ላይ ቆብ የጫኑ ናቸው። ቆቡ እንዲገባ ፊደሉ ተጨቁኖ ነው የሚሳለው። ጽሑፍሽ በትንሹ መታተም መቻሉን ለመፈተን "ሽንኩርት"፣ "ቸኮሌት"፣ "ዳኘው" የመሳሰሉ ቃላት ጽፈሽ ቡናማው ወረቀት ላይ አትሚ። እነሱ ካለፉ ሌላው ያልፋል። ስክሪን ላይ አትመኚው፣ ስክሪን ቀለም አይጠጣም።


ቡናማ_ቀለም

ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። እየሠራሁ ነበር።

ያደረግኩት ይሄ ነው። ትንሹን ጽሑፍ ሁሉ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ሚዲየም አደረግኩት። ቦልድ ላደርገው ነበር፣ ግን ወረቀቱ ራሱ እንደሚያወፍረው ሳትመው አየሁ፤ ሚዲየም ብዬ የላክሁት ታትሞ ሲመጣ ሰሚቦልድ መስሎ ነው የመጣው። መጠኑን ከእንግሊዝኛው ትንሽ ቀነስኩ፣ የመስመሩን ርቀት ጨመርኩ። የማጋደሉን ነገር ተውኩት። የመንደሩ ስም በቀይ ነው፣ እውነትም ከሩቅ ትጣራለች። እንግሊዝኛው ላይም ያንኑ ስም በቀይ አደረግኩት፣ ሁለቱ ቀዮች ከረጢቱ ላይ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይተያያሉ።

አርእስቱን በእጄ ሣልኩት፣ የሲልቨር ስፕሪንግን ምክር ሰምቼ። መቃ ብዕር አላገኘሁም፣ አፉ ጠፍጣፋ የሆነ ማርከር ገዝቼ አርባ ጊዜ ያህል ይርጋጨፌ ይርጋጨፌ እያልኩ ጻፍኩ። መጀመሪያ ላይ ያስቸገረኝ ጨ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ያስቸገረኝ ር ሆነች። ከጎኗ ይ አለች፣ ከዚያ ጋ፣ መካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ እኩል አልሆን እያለ። ከብራና ቤት ያሉት ነገር የገባኝ ያኔ ነው፣ ቁመቱን ስስብ እጄ በራሱ ይወፍራል፣ አግድሙ ላይ በራሱ ይቀጥናል። ፈልጌ አይደለም፣ ማርከሩ ነው የሚያደርገው።

ጨን ቀለበቶቿን ትንሽ ከፈት አደረግኳቸው፣ የቡና ፍሬ ቅርጽ እንዲኖራቸው። ፍሬ ልላቸው አልደፈርኩም፣ ደንበኞቼ ግን ራሳቸው አዩት።

ዛሬ ጠዋት ሁለተኛው ናሙና መጣ። እናቴ ያለ መነጽር የፊቱን አነበበችው፣ የጀርባውን በመነጽር። ፎቶውን ከታች አያይዣለሁ። ዓርብ ወደ ማተሚያ ይገባል፣ የምታዩት ነገር ካለ ከዚያ በፊት ንገሩኝ።


የእርሳስ_ዘመን

ልጄ፣ አርእስቱ ጎሽ የሚያሰኝ ነው። ር ከጋ አሁንም በጥቂቱ ራቅ ብላለች፣ የወረቀት ውፍረት ያህል ሳቢያት። ጀርባው ላይ ሦስተኛው መስመር መጨረሻ፣ "በፀሐይ የደረቀ" ካለ በኋላ፣ አንድ ኮሎን ኮሎን ቀርታለች።


ቡናማ_ቀለም

አየኋት ጋሼ፣ አስተካክያለሁ። ርንም ስቤያታለሁ። ነገ በድጋሚ አሳትሜ እለጥፈዋለሁ።